ሰፈርና ማዕድ

አዲስ አበባን ልጎበኝ ነው ብሎ የሚደውልልኝን ሰው በመጀመሪያ የምጠይቀው የሚገባበትን ቀን ነው። ሐሙስ ነው ዓርብ? ሁዳዴ ገብቷል ወይስ ፋሲካው አልፏል? ቀኑን ካላወቅሁ የት ሰፈር እንደምወስደው አላውቅም። ሐሙስ ማታ ቄራ አካባቢ ቢላዋ ሲፋጭ ያመሸበት ሥጋ ቤት ዓርብ ጠዋት መስቀያው ባዶ ነው። ሁለት በር አልፎ ያለው ምግብ ቤት ደግሞ በጾም በያይነቱ ስለሚታወቅ በዚያው ዓርብ በምሳ ሰዓት መቀመጫ አይገኝበትም። ይህች ከተማ ቀን እየቆጠረች የምታበስል ከተማ ናት።

እንግዳን ብሔራዊ ሙዚየም ወስዶ ድንቅነሽን ማሳየት፣ አፍሪካ አዳራሽ አስገብቶ የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል ከነብርሃኑ ማስደነቅ፣ እንጦጦ ወጥቶ ከተማዋን ከላይ ማስቃኘት ደግ ነው። እኔም አደርገዋለሁ። ግን እንግዳዬ ይህችን ከተማ እነማን እንደሠሯት፣ ከየት እንደመጡና ምን ይዘው እንደመጡ እንዲገባው ስፈልግ የምወስደው ወደ ማዕዱ ነው። በአዲስ አበባ ሰፈርና ማዕድ ተነጣጥለው አያውቁም። የአንዱን ታሪክ ለመናገር የተነሣ ሰው ሌላውን መንካቱ አይቀርም።

ሰፈር የሚለውን ቃል እንፍታው። ጉዞ ላይ ያለ ጦር ድንኳን ተክሎ ሲያርፍ «ሰፈረ» ይባላል፤ ያረፈበት ቦታም ሰፈር ነው። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍልውሃው አጠገብ ቤት አሠሩ፣ ለቦታውም አዲስ አበባ የሚለውን ስም አወጡለት። ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥታቸውን ከፍ ካለው ጉብታ ላይ ሲተክሉ መኳንንቱና የጦር አለቆቹ በየኮረብታው ቦታ ተሰጣቸው። አንድ መኰንን ደግሞ ብቻውን አይሰፍርም። ወታደሩን፣ አሽከሩን፣ ወጥ ቤቱን፣ ጠጅ ጣዩን፣ እንጀራ ጋጋሪዋን፣ ውሃ ቀጂዋን አስከትሎ ነው። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ዘበኛ ሰፈር የሚሉት ስሞች ማን የት ድንኳን እንደተከለ የሚያስታውሱ ናቸው። መጀመሪያ ላይ በሰፈርና በሰፈር መካከል ወንዝና ሜዳ ነበር፤ ኋላ ላይ ነው ክፍተቱ በቤት የተሞላው።

የከተማዋ ጠባይ ከዚህ አሰፋፈር የተወለደ ነው። ጌታው ከመሐል፣ ተከታዩ በዙሪያው ስለሰፈረ ሀብታምና ድሃ በአንድ አጥር ሥር ኖሩ። የብዙ ሌሎች ከተሞች ሀብታም ለብቻው፣ ድሃውም ለብቻው ሰፈር ሲሠራ፣ በአዲስ አበባ ለረጅም ዘመን የባለ ቪላው ቤት ግድግዳ የጭቃ ቤቱ ግድግዳ ነበር። የአንዱ ቁሌት ሽታ የሌላውን ደጅ ይደርሳል። ደግሞ እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ ጓዳ ያለው ስለነበር የመጣበትን አገር አበሳሰል ይዞ ቆየ። ከጎጃም የመጣው እንደ ጎጃም፣ ከወሎ የመጣው እንደ ወሎ፣ ከትግራይ የመጣው እንደ ትግራይ ወጡን ሠራ።

እነዚህ ጓዳዎች መቼ ተገናኙ? ጄምስ ማካን የተባለ አሜሪካዊ የታሪክ ምሁር በአፍሪካ ምግብ ታሪክ ላይ በጻፈው መጽሐፍ ይህን ጥያቄ ከእንጦጦ ማርያም ምረቃ ጋር ያያይዘዋል። ቤተ ክርስቲያኑ በ1880 ዓ.ም. ሲመረቅ እቴጌ ጣይቱ ለቀናት የዘለቀ ግብር አበሉ። ማካን የዚያን ግብር ዝግጅት ከሥጋው፣ ከወጡ፣ ከጠጁ ጀምሮ በዝርዝር ይከታተልና ዛሬ «የኢትዮጵያ ምግብ» የምንለው መልክ መያዝ የጀመረው እዚያ አዳራሽ ውስጥ ነው ይላል። በእርግጥ ምግቦቹ ከዚያ በፊትም በየአገሩ ነበሩ። ነገር ግን ከብዙ አውራጃ የመጡ ሰዎች በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው በአንድ እንጀራ ላይ የቀረበላቸውን ሲቆርሱ ያ ማዕድ የጋራቸው ሆነ። እኔ የማካን ሐሳብ ይመቸኛል፤ እቴጌይቱን በዓድዋ ጀግንነታቸው ብቻ ለምናስታውሳቸው ሰዎች ጓዳቸውም የአገር ግንባታ ቦታ እንደነበረ ያሳየናልና። በአገሪቱ የመጀመሪያው ሆቴል ፒያሳ ላይ በእቴጌ ስም የተከፈተውም ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

ከዚህ ወዲያ የከተማዋን ካርታ የሚያነብ ሰው ስሞቹን ጮክ ብሎ ይጥራቸው። ለገሃር የፈረንሳይኛ ቃል ነው፤ ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ጣቢያው «ላ ጋር» ተባለ፣ የእኛም አፍ ለገሃር አደረገው። ካዛንቺስ የጣልያን መንግሥት ለሠራተኞቹ ቤት የሚያሠራበት መሥሪያ ቤት ስም ነው፤ «ካዛ» ቤት፣ «ኢንቺስ» ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ምህጻረ ቃል። ፖፖላሬም፣ ፒያሳም፣ መርካቶም እንዲሁ ጣልያንኛ ናቸው። በሌላ በኩል ሳር ቤት፣ ቄራ፣ ጎተራ፣ ዶሮ ማነቂያ የሚሉት የእኛው ናቸው። በአንድ የታክሲ ጉዞ ረዳቱ የሚጠራቸውን ፌርማታዎች ብቻ ያዳመጠ እንግዳ የ100 ዓመት ታሪክ ሰምቶ ይወርዳል።

ቀኑን በቁርስ እንጀምር። ማንኛውም መለስተኛ ቁርስ ቤት ገብተው የሚዘጋጀውን ይጠይቁ። አስተናጋጇ ሳትተነፍስ ትደረድርልዎታለች፦ ፉል፣ ጨጨብሳ፣ ቅንጬ፣ ገንፎ፣ ፍርፍር፣ እንቁላል ስልስ፣ ዱለት። ፉሉ ከዓረቦች ጋር የመጣ ነው። የየመን ነጋዴዎች በየሰፈሩ ሱቅ በነበራቸው ዘመን የማዕዘን ሱቅ ሁሉ «ዓረብ ቤት» ይባል ነበር፤ ሽማግሌዎች ዛሬም እንዲያ ይሉታል። ጨጨብሳው የኦሮሞ ቤት ቁርስ ነው፤ ቂጣው ተቆራርሶ በቅቤና በበርበሬ ይታሻል፣ ማር ለሚወድም ማር ይጨመርለታል። ዳቦው ፉርኖ ከሆነ ስሙ የጣልያኖች ምድጃ ነው። በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ሰዎች የተለያየ ቁርስ አዝዘው ከየሳህኑ እየተጎራረሱ ሲበሉ ማየት በዚህ ከተማ የተለመደ ነው፤ ማንም የማንን እንደሚበላ አይጠይቅም።

ከቁርስ በኋላ ፒያሳ። በ1953 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ቶሞካ ቡናውን እየቆላ፣ እየፈጨና እያፈላ ይሸጣል፤ ሰው ከፍ ባሉት ጠረጴዛዎች ዙሪያ ቆሞ ይጠጣል። ቡና የተገኘው በእኛ አገር ነው፣ በጀበና ማፍላትም የእኛ ነው፤ በማሽን ጨምቆ ማውጣት ግን ከጣልያን የመጣ ነው። ማኪያቶ በጣልያንኛ ነጠብጣብ ያረፈበት ማለት ነው፤ ቡናው ላይ ጠብ የምትለዋን ወተት ያመለክታል። አዲስ አበቤው ስሙን እንደተቀበለ አልተወውም። ጠቆር ያለ፣ ነጣ ያለ፣ ወተቱ በዛ ያለ እያለ እንደየአምሮቱ ከፋፈለው። ሻይና ቡና በአንድ ብርጭቆ ሲቀላቀሉ ስፕሪስ አለው፤ ያው ስም ተሻግሮ ጁስ ቤት ገባና አቮካዶ፣ ማንጎና ፓፓያ ተደራርበው በማንኪያ የሚበሉትንም ስፕሪስ አስባለ።

ስለ ጣልያን ጣዕም ሳወራ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። እነዚያ አምስት ዓመታት፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ የጣዕም ዘመን አልነበሩም። ስድስት ኪሎ የቆመው የሰማዕታት ሐውልት በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እና በተከታዮቹ ቀናት የተጨፈጨፉትን የከተማዋን ሰዎች የሚያስታውስ ነው። ወራሪው ሲወጣ ስጎው፣ ኮቶሌቱ፣ አሮስቶውና ቦንቦሊኖው ቀሩ። ሕዝቡም ፓስታን በእንጀራ ጠቅልሎ በላው። ይህን ሳይ ሁልጊዜ የሚሰማኝ አድናቆት ነው። በኃይል የመጣውን በራሱ እጅ፣ በራሱ እንጀራ ጠቅልሎ የራሱ ያደረገ ከተማ ነው። በዓድዋ ልጆች ከተማ ፓስታ በእንጀራ ሲበላ ያየ እንግዳ ይህን ታሪክ ሳይሰማ ባይሄድ ደስ ይለኛል።

መርካቶ እንሂድ፤ እዚህ ጊዜ ወስደን መቆየት አለብን። ከጣልያን በፊት የከተማዋ ትልቁ ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። «የአራዳ ልጅ» የምንለው ብልህና ፈጣን ሰው ስሙን ያገኘው ከዚያ ገበያ ነው። ጣልያኖች ከተማውን በዘር ሲከፋፍሉ ፒያሳን ለነጮች ከለሉና የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወሩት። የተባረረው ገበያ ግን በሄደበት ሥር ሰደደ፤ ዛሬ በአፍሪካ ከሚጠቀሱት ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነው። አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ቆመው አዛኑና ቅዳሴው አንድ ሰማይ ላይ ይገናኛሉ።

መርካቶ የሚነበበው በተራ ነው። በርበሬ ተራ ሲደርሱ ዓይንዎና አፍንጫዎ ቀድሞ ይነግርዎታል። እህል በረንዳ ጤፉ በየዓይነቱ ነው፦ ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ፣ ቀይ። ልምድ ያላት እናት ጤፉን ከመዳፏ ላይ ዘርግታ እፍ ትላለች፣ ገለባውንና አሸዋውን ታያለች፣ ጥቂት ቅንጣት ትቆረጥማለች፣ ከዚያ «የአድአ ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ሚናለሽ ተራ ደግሞ ቆራሌው ከየሰፈሩ የለቀመው ጠርሙስ፣ ቆርቆሮና ብረት የሚሰበሰብበት ነው፤ የተጣለ ብረት እዚያ ተቀጥቅጦ የከሰል ምድጃ ሆኖ ይወጣል። ያ ምድጃ ነገ የአንዲት ቡና ሻጭ ጀበና ይጣድበታል። የዚህች ከተማ ፈጠራ ምን እንደሚመስል ለጠየቀኝ ሰው ከሥዕል ጋለሪዎቹ እኩል ሚናለሽ ተራን አሳየዋለሁ።

መርካቶን መርካቶ ካደረጉት መካከል ጉራጌዎች ግንባር ቀደም ናቸው። ከአገራቸው በእግር ተጉዘው የመጡ ወጣቶች የቀን ሥራ እየሠሩ፣ ጫማ እየጠረጉ፣ ዕቁብ እየጣሉ ሱቅ ከፈቱ፤ ከሱቅ ወደ ጅምላ፣ ከጅምላ ወደ አስመጪነት አደጉ። ዕቁቡ ባንክ የማያውቀውን ሰው ካፒታል አስያዘው። ክትፎም ከእነሱ ጋር ገባ። ቀይ ሥጋ ጅማቱ ወጥቶ በቢላዋ ይደቅቃል፣ ንጥር ቅቤና ሚጥሚጣ ይገባበታል፤ ጥሬ፣ ለብለብ ወይም የበሰለ ብለው ያዝዛሉ። ከጎኑ አይብ፣ ጎመንና ቆጮ ይቀርባል። ቆጮ የእንሰት ሥራ ነው። እንሰት ሙዝ የሚመስል ግን ፍሬው የማይበላ ተክል ነው፤ ግንዱ ይፋቃል፣ ፍቅፋቂው በቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል፣ ወራት ቆይቶ ሲብላላ ወጥቶ ይጋገራል። በደጋው እንጀራ ከተማ መሐል ክትፎ ቤት የገባ ሰው ከጤፍ አገር ወደ እንሰት አገር ተሻግሯል ማለት ነው፤ ቲኬት አልቆረጠም እንጂ።

ይህን ዝምድና በጉልህ ለማየት በመስከረም መምጣት ነው። መስቀል ሲደርስ የጉራጌ ነጋዴ ሱቁን ቆልፎ ቤተሰቡን ይዞ ወደ አገሩ ይገባል። በዓመቱ ውስጥ መተላለፊያ የማይገኝበት መርካቶ በእነዚያ ቀናት ጭር ይላል፣ የብረት በሮቹ ረድፍ ይዘው ይዘጋሉ። ታላቁ ገበያ ለክትፎ ሲዘጋ ማየት ስለ ሰፈርና ስለ ማዕድ እኔ ከምጽፈው ሁሉ ይበልጣል።

አሁን ስለ ጾም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን በፋሲካና በጰራቅሊጦስ መካከል ካሉት 50 ቀናት በስተቀር ረቡዕና ዓርብን ይጾማል፤ ሁዳዴው 55 ቀን ነው፤ የነቢያት፣ የሐዋርያት፣ የፍልሰታ ጾሞች ሲጨመሩ የዓመቱ ግማሽ ገደማ ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ የሌለበት ነው። ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ የማይበላ የውጭ አገር ሰው እዚህ ሲመጣ ተቸግሮ እንዳይራብ የሚሰጋ ወዳጅ ያጋጥመኛል። ስጋቱ አያስፈልግም። ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ፎሶልያ፣ ቀይ ሥር፣ አዚፋ፣ ሱፍ ፍትፍት፣ ስልጆ በአንድ ትሪ እንጀራ ላይ ተደርድረው ሲቀርቡ የመከልከል ምልክት አይታይባቸውም። ለዘመናት በጾም ቀናት ምግብ ለማጣፈጥ የደከሙ እናቶች ዕውቀት ነው የቀረበው። ሙስሊሙ የከተማዋ ሰው ደግሞ በረመዳን አመሻሽ ላይ ተምሩን፣ ሾርባውንና ሳምቡሳውን ያሰናዳል፤ አንዋር አካባቢ በዚያ ሰዓት የሚጠበሰው የሳምቡሳ ሽታ ጾመኛውንም ያልጾመውንም ያስቆማል።

የጾሙ ንጉሥ ሽሮ ነው፣ ስለ እሱም በደንብ መናገር እፈልጋለሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከፍታው ሲጨምር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ እዚህ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ጥራጥሬ ቶሎ አይበስልም፤ ክክ ወጥ የሠራች ሁሉ ታውቀዋለች። ሽሮ ይህን ችግር አስቀድሞ የፈታ ምግብ ነው። ሽንብራው፣ አተሩ ወይም ባቄላው ይታመሳል፣ ይከካል፣ ከቅመሙ ጋር ተመጥኖ ይፈጫል። ድካሙ ሁሉ ከወራት በፊት አልቋል፤ ድስቱ የሚቀረው ሥራ ትንሽ ነው። የሠራተኛው፣ የተማሪው፣ የወንደላጤው ምግብ የሆነው ለዚህ ይመስለኛል፤ ማገዶ ይቆጥባል፣ ጊዜም ይቆጥባል።

ብዙ ዓመት በደንበኝነት የበላሁባት አንዲት የሽሮ ቤት ባለቤት ነበሩ። አንድ ቀን፣ «እትዬ፣ ቤት ስሠራው እንዲህ አይጣፍጠኝም፤ ሽሮው ውስጥ ምን ይጨምራሉ?» አልኳቸው።

«ሽሮው ምን አለው ልጄ፣ ድስቱን እይ» አሉኝ።

ተጋቢኖ የሚመጣው በትንሽ የሸክላ ድስት ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ከደረሰም በኋላ ይንተከተካል። ሸክላ ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ ሽሮው ከእሳት ወርዶም መብሰሉን አያቆምም፤ ጠርዝ ላይ የሚይዘው ቅርፊት ለሚያውቅ ሰው ከመሐሉ ይበልጥ ይጣፍጣል። ድስቱ ከየት ይመጣል ያለ ሰው ወደ ቀጨኔ ይውጣ። ከእንጦጦ ሥር ባለው በዚህ ሰፈር ሴቶች ጭቃውን ወቅጠው፣ አቡክተው፣ ያለ ማሽን በእጃቸው ጀበናውን፣ ድስቱን፣ ምጣዱን ይሠራሉ፤ ሜዳ ላይ እሳት ለኩሰው ይተኩሱታል። እነዚህ ሴቶች ለትውልዶች «ቡዳ» እየተባሉ ተገልለው ኖረዋል። ከሠሩት ድስት የበላን፣ ከሠሩት ጀበና የጠጣን ሰዎች ከእነሱ ጋር መጋባትን፣ አብሮ መብላትንም ሳይቀር ነፍገናቸዋል። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። እንግዳዬን ቀጨኔ ስወስደው ጀበና ከሠሪዋ እጅ እንዲገዛና ዋጋውን ሳይከራከር እንዲከፍል እለምነዋለሁ። ከዚያ ትንሽ ወጣ ሲሉ ሽሮ ሜዳ ይገኛል፤ ከጋሞ ደጋ የመጡት ሸማኔዎች ጥበቡን የሚያወርዱበት፣ የአገር ልብስ በየበሩ እንደ ደመና የተሰቀለበት። ሸክላውም ሸማውም ከእንጦጦ ግርጌ መሆናቸው ለቤተ መንግሥት ቀረብ ብለው ከሰፈሩት የእጅ ባለሙያዎች ጋር የሚሄድ ነገር ነው።

ምሽቱን በአጭሩ ልለፈው፤ ሌላ ምዕራፍ ይፈልጋልና። ደጃች ውቤ ሰፈር «ውቤ በረሃ» ተብሎ በጭፈራ በታወቀበት ዘመን የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራ ተጫዋቾች በሌሊት ክበቦች ድምፃቸውን ያፈሱ ነበር፤ አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. የራሱን የሸክላ አሳታሚ ድርጅት አቋቁሞ ያንን ድምፅ ለእኛ አቆየልን፤ ሙላቱ አስታጥቄም ቅኝታችንን ከጃዝ ጋር አዋሕዶ ኢትዮ ጃዝን ለዓለም አሰማ። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው «አርባ ልጆች» የተባሉት አርመን ወላጅ አልባዎች ለዘመናዊው የሙዚቃ ባንድ መሠረት ከጣሉት መካከል ናቸው። አዝማሪው በማሲንቆው፣ ጠጅ ቤቱ በብርሌው ከእነሱም በፊት ነበሩ፣ አሁንም አሉ። ቦሌን የሚወድ ሰው ቦሌ ይሂድ፤ መብራት፣ ፎቅና ጥሩ በርገር አለ። እኔ እንግዳዬን እዚያ የምወስደው ሊመለስ ሲል ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ግን የሰፈሩ ቡና እንዳያመልጠው። ቄጤማው ይጎዘጎዛል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ቆሎው ወይ ፈንዲሻው በሰፌድ ይቀርባል፣ «ቡና ጠጡ» የሚል ልጅ በየበሩ ይላካል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በሦስቱ ስኒዎች መካከል የሰፈሩ ጉዳይ ሁሉ ይነሣል፦ ማን ታመመ፣ የማን ልጅ አለፈ፣ ማን ከማን ተጣላ፣ የዕድሩ ወርኃዊ መዋጮ ይጨመር አይጨመር። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በመንግሥት ከተወረሰ በኋላ የቀበሌ ቤት ውስጥ የኖሩት ሰዎች ግቢውን፣ የውሃ ቧንቧውን፣ አንዳንዴም ማዕድ ቤቱን ተጋርተዋል። ድህነቱ ከባድ ነበር፤ ጣሪያው ያፈሳል፣ መጸዳጃው ለብዙ ቤተሰብ አንድ ነው። ይህን ኑሮ ሳይኖሩት የሚያሞካሹት ሰዎች ያሳዝኑኛል። ነገር ግን ያው ጥበት አንድ ሥርዓት ፈጥሯል፤ ሰው ሲሞት ዕድሩ ድንኳኑን ይተክላል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ ሐዘንተኛው ቤት እሳት አይነድም፤ ለቀናት የሚበላው ከጎረቤት ማዕድ ቤት ይመጣል።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት ከእነዚህ ሰፈሮች ብዙዎቹ ፈርሰዋል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በዶሮ ማነቂያ፣ ቀጥሎም በካዛንቺስ ቤቶች ተነሡ፤ መንገዱ ሰፋ፣ የእግረኛ መሄጃው አማረ፣ መብራቱ በዛ። የቀድሞ ነዋሪዎች ወደ ኮንዶሚኒየሞችና እንደ ገላን ጉራ ወዳሉ አዳዲስ መንደሮች ሄዱ። የተሻለ ቤት ያገኙ ሰዎች አሉ፤ ቧንቧና መጸዳጃ የግል መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም። ያጣነውም ቀላል አይደለም። ሽሮ ቤት የሚኖረው ደንበኛው በእግሩ ስለሚደርስበት ነው። 20 ኪሎ ሜትር ሲርቅ ባለቤቷ ሙያዋን ትወስዳለች፣ ደንበኛዋን ግን ጥላ ትሄዳለች። እኔ ድስቱን እንዳይ ያዘዙኝ እናት የት እንደገቡ ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ ብጠይቅ የሚያውቅ አላገኘሁም።

የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎቹ ሲነደፉ በየግቢው አንድ የጋራ ቤት ተሠርቷል፤ ነዋሪው «ኮሚናል» ይለዋል። በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ዕድር የሚሰበሰብበት ነው። ባለፈው ጥር ወደ ከተማዋ ዳርቻ ለአንዲት የድሮ ጎረቤቴ ልጅ ሠርግ ሄጄ ነበር። ዋዜማውን ሴቶቹ ኮሚናሉ ውስጥ ሽንኩርት ሲከትፉ አመሹ፤ ግማሾቹ የዚያው ግቢ ሰዎች፣ ግማሾቹ ደግሞ በሁለትና በሦስት ታክሲ የመጡ የፈረሰው ሰፈር ሰዎች ነበሩ። ትልልቆቹን ድስቶች ያመጡት የድሮዎቹ ናቸው። የሙሽራዋ እናት አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት፤ ዶሮውን በገዛ ቤታቸው ካልሠሩ እንቅልፍ እንደማይወስዳቸው ስለተናገሩ ሁለት ጎረምሶች አንዱን ድስት ግራና ቀኝ ይዘው ደረጃውን ወጡ። ከኋላቸው እየተከተልኩ ነበር። በድስቱ ሆድ ላይ የዕድሩ ስምና የሰፈሩ ስም በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ ከስሙ ሥር ቁጥር 3 ይላል። መታጠፊያው ላይ አንደኛው ልጅ ትንፋሹን ለመሰብሰብ ቆም አለና፣ «እማዬ፣ ሌሎቹም ይምጡ?» ብሎ ወደ ላይ ጮኸ።

«አንድ ይበቃል፣ ሌሎቹን እታች ተዋቸው፣ ሰው ሁሉ ይሠራባቸው» የሚል ድምፅ ከላይ መለሰ፤ የቁሌቱ ሽታ ደረጃው ላይ ደርሶ ነበር።